ከአልጋ ስር የደበቅኩት ስንቅ

ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ባሕር ዳር የገባሁት በጥቅምት ነበር። መናኸሪያ ስወርድ አንድ ሻንጣና አንድ ማዳበሪያ ይዣለሁ። ማዳበሪያው ውስጥ ያለው እማዬ የቋጠረችልኝ ስንቅ ነው፦ በሶ፣ ድርቆሽ፣ የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ በትንሽ ጠርሙስ ንጥር ቅቤ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደክማበታለች። ገብሱን ራሷ ለቅማ፣ ራሷ ቆልታ፣ ራሷ ወፍጮ ቤት ወስዳ አስፈጭታዋለች።

ዶርም ስደርስ ከስድስታችን ሦስቱ ቀድመውኝ ገብተዋል። አንዷ ሎከሯን ከፍታ ዕቃዋን ትደረድራለች። ብስኩት፣ የታሸገ ጁስ፣ የለውዝ ቅቤ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ ኑድልስ። ሁሉም ያብለጨልጫል። እኔ ማዳበሪያዬን በእግሬ ገፋ ገፋ አድርጌ ከአልጋዬ ስር ከተትኩት። ምን እንደያዝኩ የጠየቀኝ ሰው የለም። ግን አፈርኩ። ለሦስት ሳምንት ያህል አልነካሁትም።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ግቢ ለምትገቡ ልጆችና ለልጆቻችሁ ስንቅ ለምትቋጥሩ ወላጆች ነው። የግቢ ቆይታዬን ግማሽ ያህል የኖርኩት ተዘጋጅቶ በመጣ ምግብ ነው። ከፊሉ ፋብሪካ ያሸገው፣ ከፊሉ እናቴ ያሰናዳችው። አንዳንዱ ጠቅሞኛል፣ አንዳንዱ አሳምሞኛል። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ የምላቸው ነገሮች አሉ።

በእኛ ዶርምም በጎረቤት ዶርምም "የተዘጋጀ ምግብ" ሲባል ሁሉም የሚያስበው የፓኬቱን ነው። የበሶ ስም ሲነሳ ሰው ፈገግ ይላል። "የገጠር" ይባላል። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። ግን በሶም ድርቆሽም ቆሎም ተሠርቶ ያለቀ ምግብ ነው። ተቆልቷል፣ ተፈጭቷል፣ ደርቋል። እሳት አይፈልግም፣ ፍሪጅ አይፈልግም። ነጋዴው፣ ዘማቹ፣ የቆሎ ተማሪው ረጅም መንገድ የተጓዘው በዚህ ነው። ጎጃምና ጎንደር ደግሞ የቆሎ ተማሪ አገር ነው። ዛሬም ለትምህርት ብሎ ከቤቱ የራቀ ልጅ ችግሩ ያው ነው። ማብሰያ የለውም፣ ጊዜ የለውም፣ ብር የለውም።

ማፈሬን የተውኩት በኅዳር አንድ ማታ ነው። ላይብረሪ አምሽተን የካፌው እራት አመለጠን። ላውንጁም ተዘግቷል። ሁላችንም አልጋችን ላይ ተቀምጠን ዝም አልን። የወላይታዋ ልጅ ቀስ ብላ ሎከሯን ከፈተችና አንድ ብልቃጥ አወጣች። ዳታ ነው፣ የወላይታ የሚፋጅ ማባያ። "ዳቦ ያላት አለች?" አለች። የአርሲዋ ከቦርሳዋ ስር ጭኮ ጎተተች። የሐረርጌዋ በጨርቅ የተቋጠረ የባቢሌ ኦቾሎኒ ዘረገፈች። እኔም ተንበርክኬ ማዳበሪያዬን ሳብኩት። ለካ ስንቅ ያልያዘ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ደብቀነው ነው እንጂ። የካርቶኗ ባለቤት የአዲስ አበባ ልጅ ናት። የኔን በሶ ጭብጦ ቀምሳ "እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ስንቃችን የጋራ ሆነ።

እስቲ ስለ በሶ ልበል። ብዙ ሰው የሚጠላው አበጣበጡን ስለማያውቅ ነው። አፉ ሰፊ የሆነና ክዳኑ ጥብቅ የሚል ጠርሙስ ያዙ። መጀመሪያ ውሃውን ጨምሩ፣ ከዚያ ዱቄቱን። ዱቄቱን ካስቀደማችሁ ከታች ይጋገራል፣ መሐሉም ይጓጉላል። ለግማሽ ሊትር ውሃ አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ እኔን ይበቃኛል። ቁንጥር ጨው፣ ወይም ትንሽ ስኳር፣ ከተገኘ ማር። ከበጠበጣችሁት በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ አቆዩትና እንደገና በጥብጡት። ዱቄቱ ውሃ እየጠጣ ስለሚወፍር ሁለተኛው ብጥበጣ ነው የሚያለሰልሰው። ጠዋት ክላስ ከመግባቴ በፊት አንድ ጠርሙስ ከጠጣሁ እስከ ስድስት ሰዓት አይርበኝም። ብስኩት ግን አንድ ሰዓት እንኳ አያቆየኝም።

ጭብጦ ለሚፈልግ፣ በሶውን በበርበሬ፣ በጨውና በቅቤ ወይም በዘይት አሽቶ ትንሽ ሞቅ ያለ ውሃ ጠብ እያደረጉ በእጅ መለወስ ነው። እጅ ላይ መጣበቅ ሲተው ደርሷል። በጭብጥ በጭብጥ እየቆነጠሩ መብላት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የተበጠበጠ በሶ አይከርምም። ባሕር ዳር ሞቃት ናት፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት። አንድ ቀን ግማሹን ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ ረስቼው አደረ። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ፎሽ ብሎ ፊቴ ላይ ፈነዳ። ኮምጥጧል። የምትጠጡትን ያህል ብቻ በጥብጡ፣ ጠርሙሱንም ወዲያው እጠቡ።

ደግሞም የበሶ ችግር ብዙ ጊዜ በሶው አይደለም፣ ውሃው ነው። ዱቄቱ የበሰለ ነው፣ የምትጨምሩበት ውሃ ግን ጥሬ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በሽታ አምጪውን ለመግደል ይህ ይበቃል፣ ግን እየተንፈቀፈቀ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆይ። ከ2,000 ሜትር በላይ ያላችሁ፣ ለምሳሌ ጎንደር ወይም ደብረ ታቦር፣ ሦስት ደቂቃ ነው የሚመከረው። ዶርም ውስጥ ባልዲ ላይ የሚነከረውን የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ግን እባካችሁ ተዉት። እኛ አንዴ ሞክረን የብሎኩ መብራት በሙሉ ድርግም ብሎ ጠፋ። ገመዱ ቀልጦ ነበር። የልጅ ሕይወት ሊጠፋ ይችል ነበር። የፈላ ውሃ ከላውንጅ በፔርሙስ መግዛት ይሻላል።

ድርቆሽ ላይ ያጠፋሁት ጥፋት ደግሞ ይህ ነው። አንደኛ ዓመት፣ ሰኔ መጨረሻ። ዝናቡ ገብቷል፣ ከጣና በኩል የሚመጣው አየርም እርጥብ ነው። የተቋጠረውን ፌስታል ስፈታ የምድር ቤት ሽታ ሸተተኝ። ከላይ ያሉት ቁራሾች ላይ አረንጓዴና ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቷል። እማዬ የደከመችበትን መጣል አንጀቴ አልቻለም። ነጠብጣብ ያለበትን ለቅሜ ጣልኩና የቀረውን ፈርፍሬ በላሁ። ሁለት ቀን ሆዴን ይዤ ተኛሁ። ለእማዬ ስደውልላት ተቆጣችኝ። "አንቺ ልጅ፣ ሻጋታ እኮ ሥር አለው! የምታይው ጫፉን ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። በዓይን የሚታየው ላይኛው ብቻ ነው፣ ውስጥ ለውስጥ ተሰራጭቷል። የሻገተ ድርቆሽ ሁሉም ይጣላል። ይህ ለኦቾሎኒም ለበርበሬም ይሠራል። የተጨማደደ፣ የጠቆረ ወይም የሚመር ኦቾሎኒ አትብሉ። እርጥበት ያገኘው ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። መርዙ ጉበት ይጎዳል፣ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ከዚያ ወዲህ ድርቆሽ የምይዘው እንዲህ ነው። እንጀራው በደንብ ፀሐይ ይምታው፣ ተገላብጦ ሁለቱም ፊቱ ይድረቅ። ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት። ከተጣጠፈ አልደረቀም። ከፀሐይ እንደተነሳ በትኩሱ አይቋጠር፣ ወበቁ ፌስታሉ ውስጥ ላብ ይሆናል። በርዶ በንጹሕ የጨርቅ ከረጢት ይግባና ከረጢቱ ክዳን ባለው ባልዲ ወይም ጣሳ ውስጥ ይቀመጥ። አንድ ትልቅ ከረጢት ከሚሆን አራት ትንንሽ ይሁን። አንዱን ስትከፍቱ ሌላው እርጥበት አያገኘውም። በየሳምንቱ አሽትቱት። ፀሐይ ሲወጣ መስኮት ላይ አስጡት።

አበላሉ ቀላል ነው። ሳህን ላይ በርበሬ፣ ጨው፣ ዘይት፣ የተከተፈ ሽንኩርትና ቲማቲም አዋህዱ። ግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ጨምሩና አማስሉ። ከዚያ ሁለት እፍኝ ድርቆሽ። ወዲያው አታሹት፣ ሳህኑን ከድናችሁ አምስት ደቂቃ ተዉት። ራሱ ይርሳል። ከላይ ቃሪያ ሰንጠቅ አድርጋችሁ ብሉ። እሳት ሳይነድ የተሠራ ፍርፍር ነው።

አሁን ወደ ፓኬቱ ልምጣ። የፓኬት ምግብ ጠላት አይደለሁም። ፈተና ሲደርስ ያድናል። ግን ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ በፈተና ሰሞን፣ ለአስር ቀን ያህል በቀን ሁለት ኑድልስ በላሁ። አንዱን በፔርሙስ ውሃ አርሼ፣ ሌላውን ጥሬውን። ጥሬውን የበላ ያውቀዋል። ፓኬቱን ሳይከፍቱ በመዳፍ ደቆስ ማድረግ፣ ጫፉን ቀዶ ቅመሙን መነስነስ፣ አፉን ይዞ መነቅነቅ፣ ከዚያ እየቆረጠሙ ማንበብ። ጣቴ ቀልቶ፣ የደብተሬ ጠርዝ ቀልቶ ነበር። በሳምንቱ ጨጓራዬ ይቃጠል ጀመር። ሌሊት በውሃ ጥም እነቃለሁ። ጣቴ ላይ ያለው ቀለበት ጠበበኝ።

የፓኬቱን ጀርባ ገልብጬ ያነበብኩት ያኔ ነው። ሶዲየም 1,200 ሚሊ ግራም ይላል። ሶዲየምና ጨው አንድ አይደሉም። ሶዲየሙን በ2.5 ስታባዙት ጨው ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ፓኬት 3 ግራም ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እኔ በሁለቱ ፓኬት ብቻ 6 ግራም ገብቶልኛል፣ የካፌው ወጥ ሳይቆጠር። ጨዉ ያለው በአብዛኛው ቅመሙ ውስጥ ነው። አሁን ግማሹን ቅመም ብቻ እጨምራለሁ። የተቀቀለ እንቁላልና ቲማቲም ካከልኩበት ምግብ ይሆናል። ጥሬውን ግን ትቼዋለሁ።

ጀርባውን ማንበብ ከጀመራችሁ አይቀር ቀኑንም አንብቡ። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ሲሳሳት አይቻለሁ። ከውጭ የመጣ ዕቃ፣ አንዳንዴም የአገር ውስጡ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው የሚጻፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ እኛ 2017 ላይ ሳለን እነሱ 2025 ገብተው ነበር። ያኔ "2025" የሚለውን ያየ ሰው ገና ስምንት ዓመት የቀረው ይመስለው ነበር። ዓመቱን ያወቀ ደግሞ ወሩ ላይ ይሳሳታል። 06 ሲል ስድስተኛ ወር ብሎ የካቲት ይላል። አይደለም፣ ጁን ነው፣ ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 23 ያለው። አንድ ጊዜ በቅናሽ የተሸጠልን ብስኩት ቤት ወስደን በስልክ ብንለውጠው ጊዜው ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። ቅናሽ ሲባል መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ሁለቱንም አቆጣጠር የሚያሳይ ካሌንደር ስልካችሁ ላይ ይኑራችሁ።

ጾመኛ ተማሪዎች የንጥረ ነገሩን ዝርዝርም ማየት ይኖርባችኋል። ብስኩት ብዙ ጊዜ የወተት ዱቄት አለው፣ የኑድልስ ቅመም ውስጥ የዶሮ ሊኖር ይችላል፣ ጭኮም ቅቤ አለው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ደግሞ የካፌው ምሳ ያልፋል። እኔ ሁዳዴን ያለፍኩት በውሃ በተበጠበጠ በሶና በገብስ ቆሎ ነው። ሙስሊሟ የዶርም ጓደኛዬም በረመዳን ለሱሁር የምትበላው የኔን በሶና የራሷን ቴምር ነበር። ማታ ጠርሙሷን አዘጋጅታ ትተኛለች፣ መብራት ሳታበራ ትነሳለች፣ እኛን ሳትቀሰቅስ በልታ ትጨርሳለች።

ስለ ትራፊ ምግብ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከሁሉም የከፋው እሱ ነበር። ሚያዝያ ነው። ማታ አንዷ ከውጭ ፓስታ በፌስታል ይዛ መጣች። ሁላችንም ጠግበን ስለነበር ሎከር ላይ አደረ። ጠዋት ሁለታችን በላነው። ሽታው ደህና፣ ጣዕሙ ደህና። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሁለታችንም መታጠቢያ ቤት ነበርን፣ እኔ እያስታወክኩ፣ እሷ መቆም አቅቷት። ክሊኒክ ወስደውን ኦአርኤስ ጠጣን። ነርሷ የነገረችን አይረሳኝም። ፓስታና ሩዝ በሙቀት ውስጥ ሲያድር ባክቴሪያ ይራባበትና መርዝ ይተዋል፣ መርዙ ብታሞቁትም አይጠፋም። የበሰለ ምግብ ፍሪጅ ከሌለ ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩ። ሽታው ምንም አይነግራችሁም። ሳምቡሳና ቦንቦሊኖም ፊታችሁ ሲጠበስ ግዙ እንጂ ከጠዋት ጀምሮ ትሪ ላይ የዋለውን አይደለም።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ነን ካፌ ሆኜ፣ ማለትም የግቢውን ካፌ ትቼ፣ ከጓደኛዬ ጋር ውጭ ቤት ተከራየን። ያኔ ነው ቅዳሜ ገበያን ያወቅኩት። ሽሮ ለመግዛት አንድ እናት ፊት ቆምኩ።

"እማማ፣ ሽሮው ምኑ ነው?"

"አተርና ሽምብራ ነው ልጄ። ቅመሺው እንጂ፣ ሳትቀምሺ አትግዢ።"

ጣቴን ነከር አድርጌ ቀመስኩ። መዓዛው የነጭ ሽንኩርትና የበሶብላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳልቀምስ አልገዛም። ያረጀ ሽሮ ምላስ ላይ ይመራል። መጀመሪያ ግማሽ ኪሎ ብቻ ግዙና ሠርታችሁ እዩት፣ ከወደዳችሁት ተመለሱ። ሽሮ በሩብ ሰዓት ይደርሳል። ምጥን ከሆነ ዘይትና ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ቆጭቶኝ የሚያውቅ ደግሞ ሳርዲን ነው። ጣና ዳር እየኖርን ከባሕር ማዶ የመጣ የቆርቆሮ አሳ እንገዛ ነበር። ጠዋት ሐይቁ ዳር ብትወርዱ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ አሳ በትኩሱ ይሸጣል። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት መልሶ የሚነሳ ይሁን። አስገፍፋችሁና አስከትፋችሁ በዚያው ቀን ጥበሱት። ማብሰያ የሌላችሁ ዶርም ያላችሁ ልጆች ሳርዲን ብትገዙ አልፈርድባችሁም። ብቻ ያበጠ ቆርቆሮ አትክፈቱ። ከከፈታችሁት የተረፈውን ቆርቆሮው ውስጥ አታሳድሩት።

ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ባሕር ዳር ተመደበ። እማዬና እኔ ጣሪያ ላይ እንጀራ ስናሰጣ ሰነበትን። እያንዳንዱን ቁራሽ ሰብሬ ቀጭ ማለቱን ሰማሁ። አራት የጨርቅ ከረጢት ሰፋሁ። ኑድልስም ጠየቀኝ፣ ስድስት ፓኬት ጨመርኩለት፣ ቀኑን አይቼ። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ከአልጋ ስር እንዳይገፋው ነበር። ስለዚህ በሶውን በማዳበሪያ ሳይሆን ሎከር ላይ በሚቆም ክዳን ባለው ጣሳ አደረግኩለት።

በገባ በአራተኛው ቀን ደወለ።

"እትዬ፣ ለግማሽ ሊትር ስንት ማንኪያ ነው ያልሽኝ?"

"አራት። ውሃውን አስቀድም።"

"ቆይ፣ ስድስት ሰው ነን።"

ጣሳውን ሲከፍት በስልኩ ሰማሁት።